የሞሲን ናጋንት ባለ መነጽር ጠመንጃን አምሳያ እንዴት አሰናድቶ መተኮስ ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ1942 የሶቪየት ኅብረት ፋብሪካዎች ለአነጣጥሮ ተኳሾቻቸው ጠመንጃ ሲያዘጋጁ አዲስ መሣሪያ አልፈጠሩም። ኤስቪቲ-40 ለተባለው ጠመንጃ ታስቦ የተሠራውን ፒዩ የሚባል አጭር መነጽር ወስደው፣ ወታደሩ ሁሉ በሚያውቀው ሞሲን ናጋንት 91/30 ላይ አሳረፉት። ሁለቱን ያገናኘው ኮቼቶቭ የተባለው የጎን መያዣ ነው። የዚህን ጠመንጃ አምሳያ ለዒላማ ተኩስ የሚያሰናዱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ልፋታቸውን በእንጨቱ ውበት ላይ ያፈሳሉ። ከልምዴ እንደማውቀው ግን የሚመታውን ጠመንጃ ከማይመታው የሚለየው ያ መያዣ ነው። ይህ ጽሑፍም ከሌላው ይልቅ በእርሱ ላይ ይቆያል።

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው በሕግ የተመዘገበና በስምዎ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። መነጽር መግጠምም በአንዳንድ አገሮች የራሱ ደንብ አለው፤ አስቀድመው ይጠይቁ።

ጠመንጃውን መምረጥ

ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ መቀርቀሪያውን አውጥተው በርሜሉን ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱ። ጠምዛዛዎቹ ቦዮች ጠርዛቸው የጠራ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የማይቋረጡ መሆን አለባቸው። ዝገት የበላው ጥቁር ነጠብጣብ በርሜሉን ብዙም ላይጎዳው ይችላል፤ የተጎዳ አፈሙዝ ግን የጠመንጃውን ትክክለኛነት ያበላሸዋል። በእነዚህ ጠመንጃዎች ላይ አፈሙዙ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ ከተኩስ ይልቅ ከፊት በሚገባ የብረት መወልወያ ዘንግ ነው።

ቀጥሎ የመቀርቀሪያውን ቤት ግራ ጎን በደንብ ይመርምሩ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ እውነተኛ ባለ መነጽር ጠመንጃዎች መነጽራቸው ተነሥቶ፣ ቀዳዳቸው ተደፍኖ፣ ወደ ተራ ጠመንጃነት ተመልሰዋል። ክብ የድፍን ምልክት ወይም ተፍቆ የተሰረዘ ቁጥር ካዩ መሰርሰሪያ አያስነኩት። በእጅዎ ያለው ታሪክ ነውና አዋቂ ያማክሩ። ለአምሳያ የሚሆነው ተራው 91/30 ነው።

መቦርቦሩንና እጀታውን ለባለሙያ መስጠት

የመያዣው መሠረት በሁለት ብሎኖችና በሁለት ሹል ካስማዎች ከብረቱ ቤት ጋር ይታሰራል። ቀዳዳዎቹ በፀጉር ውፍረት እንኳ ቢዛነፉ መነጽሩ ሌላ አቅጣጫ ያያል። ስለዚህ ይህን ሥራ ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ በማሽን ላይ ይሥራው። የመቀርቀሪያው እጀታም እንዲሁ ነው፤ ቀጥ ያለው ነባሩ እጀታ ወደ ላይ ሲነሣ መነጽሩን ስለሚነካ ረዘም ያለና ወደ ታች የታጠፈ እጀታ ያስፈልጋል። እጀታውን ቤት ውስጥ በእሳት አግሎ ለማጠፍ መሞከር ግፊቱን የሚሸከመውን ብረት ጥንካሬ ሊያሳጣው ይችላል። ጠመንጃው እዚያው እያለ ባለሙያው ጥይቱ በጉርሻው ውስጥ የሚቀመጥበትን ክፍተት በመለኪያ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በፋብሪካ የተሠሩት ጠመንጃዎች የመነጽራቸው ቁጥር በብረታቸው ላይ ተቀርጾ ነበር። በአምሳያ ላይ የሐሰት ቁጥር ማስቀረጽ ነገ የሚገዛውን ሰው ማታለል ነው። በምትኩ ሰደፉ ውስጥ፣ በማይታይ ቦታ፣ አምሳያ መሆኑንና ዓመቱን ይጻፉበት።

እንጨቱ

ግራ ጎኑ ለመያዣው መሠረት ያህል ብቻ ይቦረቦራል፤ የመሠረቱ ብረት ከእንጨቱ ጋር መነካካት የለበትም። የጠመንጃውን ብረት ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ሁልጊዜ በእኩል ኃይል ይጥበቁ። ጥይቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ እየተሰለፉ ከሄዱ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚህ ናቸው። ቀለሙን በተመለከተ የሶቪየት ፋብሪካዎች የተጠቀሙት ሼላክ የሚባለውን የሙጫ ቫርኒሽ ነበር።

መያዣውን ማስተካከል

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የፒዩ መነጽር 3.5 ጊዜ ያቀርባል። በውስጡ ከታች የሚነሣ ሹል ቋሚና ከግራና ከቀኝ የሚመጡ ሁለት አግዳሚዎች አሉ። የዘመኑን መነጽር የለመደ ሰው ግር ይለዋል፤ በመነጽሩ ላይ ያሉትን የማስተካከያ ከበሮዎች ሲያዞሩ ምልክቱ ራሱ ከመሐል ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያልና። ስለሆነም ጠመንጃውን በከበሮ ጎትቶ ለማስተካከል መሞከር ምልክቱን ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር ይለጥፈዋል። ትክክለኛው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ምልክቱን መሐል ላይ አድርገው ይተዉት፣ ከዚያ መያዣውን እያነቃነቁ መነጽሩን በሙሉ ወደ ዒላማው ያምጡት።

ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢቶች ላይ አጽንተው መቀርቀሪያውን ያውጡ። ከኋላ በባዶው በርሜል ውስጥ አሻግረው እያዩ 50 ሜትር ላይ ያለ ጥቁር ክብ ከቀዳዳው መሐል እንዲውል ያድርጉ። ጠመንጃውን ሳይነኩ በመነጽሩ ይመልከቱ። መያዣው ከፊት በክብ ኳስ ላይ ያርፋል፤ ከኋላ ደግሞ ከላይና ከታች የሚገፉ ሁለት ብሎኖች አሉት። አንዱን እያላሉ ሌላውን ሲያጠብቁ መነጽሩ ከፍ ዝቅ ይላል።

ግራና ቀኙን የሚያስተካክል ብሎን ግን የለም፤ የሚስተካከለው በሞረድ ነው። ጥይቱ ወደ ግራ ከሄደ መያዣው ከኋላ በኩል መሠረቱን የሚነካበት ገጽ በጥቂቱ ይሞረዳል፤ ወደ ቀኝ ከሄደ እዚያው ቦታ ስስ የነሐስ ንጣፍ ይገባል። ልኩን በሂሳብ ማወቅ ይቻላል። ከኳሱ እስከ ኋላው መነካኪያ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና 100 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ቢስት፣ የሚነሣው ብረት 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሦስት ወረቀት ተደርቦ ያን ያህል ይወፍራል። ስለዚህ ሞረዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሳልፈው፣ መልሰው ገጥመው ያረጋግጡ። የሄደ ብረት አይመለስም። እኔ የመጀመሪያውን ስሞርድ አንድ ሙሉ ቀን ወስዶብኛል፤ ያ ቀን እንደባከነ አልቆጥረውም።

መተኮስ

የጆሮና የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ ፈቃድ ባለው የተኩስ ሜዳ ብቻ ይተኩሱ። ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚያግደው የዚህ ጠመንጃ መጠበቂያ የመቀርቀሪያውን ኋላ በኃይል ስቦ ማዞር የሚጠይቅ ነው። በተኩስ መካከል መቀርቀሪያውን ከፍተው መተው የተሻለ ዋስትና ነው።

ጥይቱ 7.62 በ54 ሚሊ ሜትር ባለ ከንፈሩ ዓይነት ነው። መነጽሩ በላዩ ስላለ አምስቱን ጥይት በማጉረሻ ቅንጥብ በአንድ ጊዜ መግፋት አይቻልም፤ አንድ በአንድ ይጎረሳል። መነጽሩ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጉንጭዎን በሰደፉ ላይ አያሳርፉትም፤ የሚያርፈው አገጭዎ ነው። ዓይንዎን ከመስታወቱ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቁ፤ ከዚያ ከቀረቡ ግፊቱ መነጽሩን ከቅንድብዎ ጋር ያጋጨዋል።

የከፍታውን ከበሮ 1 ላይ አድርገው 100 ሜትር ላይ በሹሉ ጫፍ ያነጣጥሩ። ምላጩ ረጅም መንገድ ስላለው በዝግታ፣ ትንፋሽ ይዘው ይሳቡት። በአንድ ጥይት አይፍረዱ። አምስት ተኩሰው የቀዳዳዎቹን መሐል ይፈልጉ፤ ከዚያ ወደ መያዣው ይመለሱ። ጥቂቱ ልዩነት ሲቀር የከበሮውን ትንንሽ ብሎኖች አላልተው ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ያዙሩ።

ማጠብ

አሮጌ የወታደር ጥይት የሚተኩሱ ከሆነ የመለኮሻው ኬሚካል በበርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፤ በማግስቱ ዝገት ይጀምራል። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ የሚያሟሟው ውኃ ነው። መቀርቀሪያውን አውጥተው የፈላ ውኃ ከኋላ በኩል በማንቆርቆሪያ ያፍስሱ። በርሜሉ በእጅ እስከማይያዝ ድረስ ሲግል ውስጡ በራሱ ሙቀት ይደርቃል። የመቀርቀሪያውን ራስም እንዲሁ ያጥቡ፤ ከዚያ ዘይት ይቀቡ። ከሁለት ቀን በኋላ ነጭ ጨርቅ ያሳልፉበት፤ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ውኃውን ይድገሙት።