የማይኩ ፉጨት እንዴት እንደቆመ

ሦስት ልምምድ ሙሉ ማይኩ እየፎጨ አስቸገረን። ተማሪዬ ትዝታ ስታዜም፣ ልክ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ «ሲይይይ» ይላል። መጀመሪያ ሚክሰሩ ላይ ቀነስኩ፤ እሷ ደግሞ ራሷን መስማት ሲያቅታት ጉሮሮዋን ማስጨነቅ ጀመረች። ከፉጨቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ይሄ ነው፤ እንደዚያ ያለ ለስላሳ ድምፅ በጩኸት ሲጎዳ ማየት ይከብዳል።

በአራተኛው ቀን እጇን አየሁ። ክሊፕ ላይ እንደምታያቸው ዘፋኞች የማይኩን ወንፊት በመዳፏ ሸፍናዋለች። ካርዲዮይድ ማይክ፣ ማለትም በዋናነት ከፊቱ የሚመጣን ድምፅ የሚቀበለው ዓይነት፣ ከኋላው የሚመጣን ድምፅ የሚቀንሰው ከወንፊቱ ሥር ባሉት ክፍተቶች አማካይነት ነው። እነሱ ሲደፈኑ ከሞኒተሩ፣ ማለትም ዘፋኟ ራሷን ከምትሰማበት ስፒከር፣ የሚወጣውንም ይለቅማል፤ ያ ዞሮ ተመልሶ ይፎጫል። እጇን ወደ እጀታው አወረድን፣ ሞኒተሩንም ከማይኩ ጭራ ትይዩ አደረግነው። ጸጥ አለ።

የቀረው ርቀት ነበር። ለዝቅተኛው ዜማ ሁለት ጣት ያህል፤ ሲቀርብ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚጎላ ሹክሹክታዋ እንኳ ይሞቃል። ለከፍተኛው ግማሽ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ። ማይኩን የምታርቀው በክንዷ ነው፣ አንገቷን አትስብም። መስታወት ፊት ቆማ፣ ያልተሰካ ማይክ ይዛ፣ ሳምንት ተለማመደች። አሁን ለአዲስ ተማሪ ማይክ የማስይዘው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።