የወደቀ ብር ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

ፖስታ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው መታወቂያውን ማሽኑ ላይ ይረሳል፣ ቦርሳውን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ «ልያዘው ወይስ ልመልሰው?» የሚባለው ጥያቄ እኔ ዘንድ አልቋል። ይመለሳል። ፈተናው ለትክክለኛው ሰው መመለሱ ላይ ነው።

ብር ስታገኙ «ይሄ የማን ነው?» ብላችሁ አትጩኹ። አምስት ባለቤት ይመጣል። እኔ በሩ ላይ የምለጥፈው «የተረሳ ዕቃ አለ» ብቻ ነው። ስንት እንደሆነ፣ በምን እንደታሰረ የመጣው ሰው ይንገረኝ። አንዲት እናት የዕቁብ ብራቸውን በጥቁር ፌስታል እንደጠቀለሉት ትተውት ሄዱ። እየሮጡ ሲመለሱ ከድንጋጤ የተነሳ መጠኑን አሳሳቱት። ግን «የመድኃኒት ማዘዣም አብሮ አለ» አሉ፤ አለም። ሰጠኋቸው። እኔማ የምጠረጥረው ሳይንተባተብ ድርቅ ብሎ የሚጠይቀኝን ነው።

ታክሲ ውስጥ ያገኛችሁትን ለረዳቱ መስጠት ይቀናል። ብዙዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ነገር ግን ነገ ሌላ መኪና ላይ ሊሠራ ይችላል። ታርጋውን ጻፉ፣ ስልካችሁን ለረዳቱም ለተራ አስከባሪውም ተዉ። ዕቃ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ተራው ነው። ብሩ ጠና ያለ ከሆነ ቤት አታሳድሩት። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ፊት ለፊታችሁ አስቆጥሩ፣ የተረከቡበትን ወረቀት ሳትይዙም አትውጡ።

አስፋልት ላይ የወደቀች አሥር ብርስ? ጊዮርጊስ በር ላይ ላሉት ነዳያን ሰጥቼ አልፋለሁ። ዋጋ ያለው ነገር ሲሆን ግን ጎረቤቴ ባለሱቁ በሃይማኖቱ ዓመት ሙሉ ማስነገር እንዳለበት ይነግረኛል። ይሄን ወድጄለታለሁ።

አሁን አሁን ግን ብር የሚወድቀው ስልክ ላይ ነው። አንዱ ደውሎ «በስህተት በቴሌብር ልኬልህ ነው፣ በእናትህ መልስልኝ» ይላል። አትቸኩሉ። መልእክቱን ትታችሁ *127# ብላችሁ ሂሳባችሁን እዩ፤ የሐሰት መልእክት የሚልክ ሞልቷል። ብሩ በእርግጥ ከገባ የምትመልሱት ለላከው ቁጥር ነው። «በሌላ ቁጥር ላክልኝ» ካለ ጉዳዩን ለቴሌብር አስታውቁና እነሱ ይጨርሱት።

«እኔ አልሰረቅኩም፣ ራሱ ነው የገባው» የሚል አይጠፋም። መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ብዙ ሰው፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሂሳቡ ላይ የሌለ ብር አወጣ። ብዙዎቹ መለሱ፤ ያልመለሱትን ባንኩ ስማቸውን ከነፎቶአቸው አወጣው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም የመክፈል ግዴታ ሳይኖርበት የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል ይላል።

ባለቤቱ ደስ ብሎት ማኪያቶ ልጋብዝ ካለ ጠጡ፣ ምን ችግር አለው? ዋጋ መተመን ግን ነውር ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከፊታችሁ ጥቅል ብር ቢወድቅና አጠገባችሁ ያለው ሰው ብድግ አድርጎ «ዝም በሉ፣ እንካፈል» ቢላችሁ፣ የጣለውም ያነሳውም አንድ ናቸው። ጥግ ወስደው የእናንተን ኪስ ነው የሚያራግፉት። መልስ ሳትሰጡ ወደ ሰው መሀል ግቡ።