አባትን ይዞ በባሕር ዳር መንገድ፦ ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን

አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳር መንገድ፣ በአውራ ጎዳና ቁጥር 1፣ ልወስደው አስቤ ካርታ ዘርግቼ ርቀት ስደምር አየኝና «ኪሎ ሜትሩን ተይው ልጄ፤ የምንቆምበትን ቁጠሪ» አለኝ። ዕቅዳችን ሁሉ የተሠራው በዚህ ምክሩ ነው። እናንተም ከዚሁ ጀምሩ።

ከካርሜል ተነሥቶ በቢግ ሰር ገደሎች በኩል ሳን ሲሚዮን የሚደርሰው መንገድ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለወጣት ሾፌር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እኛ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሰጠነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው የ74 ዓመት ሰው አልበዛም።

ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። ተራራው ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ሙድ ክሪክ በተባለው ቦታ የወረደው ናዳ መንገዱን ቀብሮት፣ ዳግመኛ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነበር። ስለዚህ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ያዙ፤ የግዛቲቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ የሚያወጣውን የመንገድ ሁኔታም ከሳምንት በፊት፣ በዋዜማውና በመነሻችሁ ጠዋት ተመልከቱ። መሐሉ ከተዘጋ በውስጥ በኩል፣ በአውራ ጎዳና 101 መዞር ግድ ነው።

ጉዞው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ በዚህ አልደራደርም። በአሜሪካ መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ባሕሩ በጋቢናው በኩል ይሆናል፤ አባታችሁ በእናንተ ትከሻ ላይ አሻግሮ ማየት የለበትም። ባሕሩን ለማየት የሚቆምባቸው ማቆሚያዎችም በቀኝ ስለሚመጡ ከፊት የሚመጣውን መኪና ማቋረጥ አይኖርባችሁም። ግራ ተይዞ በሚነዳበት በአውስትራሊያው ግሬት ኦሽን ሮድ ደግሞ ባሕሩ በደቡብ ነውና ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ንዱ። በወቅት ረገድ፣ በበጋቸው ወራት ጭጋግ ባሕሩን ብዙ ጊዜ ይሸፍነዋል፤ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይበልጥ ጥርት ይላሉ።

መኪና ስትከራዩ ወላጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመፈረማችሁ በፊትም ሦስት ጊዜ ገብተው ይውጡ። ዝቅ ያለው መኪና ጉልበት ሲያስጨንቅ፣ ከፍ ያለው ያንጠላጥላል። ለአባቴ የተስማማው መቀመጫው ከዳሌው ጋር እኩል የሆነው ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ያህል እንደሚወርድና እንደሚወጣ አስቡ።

አባቴ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ክኒን ይወስዳል። የዚያን ዕለት ቢዘልለው ብሎ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነገር በራሳችሁ አትወስኑ። ሐኪሙን ጠየቅን፤ የሚወስድበትን ሰዓት አስተካከለልን። መድኃኒቱ ከኋላ ባለው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ይሁን። መጸዳጃ ቤት ያሉባቸውን ፓርኮች ካርታው ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው። በብዙው መንገድ ስልክ አይሠራም፤ ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ቤንዚኑንም ካርሜል ሙሉ።

ከሁሉ በላይ የምለው፣ ለወላጃችሁ ሥራ ስጡ። አባቴ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በየኩርባው እግሩን ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ይጭን ነበር፤ ፊቱም ተጨንቋል። በካሊፎርኒያ ሕግ፣ በጠባብ ባለሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ከኋላው አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከተከተለው፣ ጥግ መያዣ ባገኘበት ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። በቀኙ መስታወት የሚከተሉንን እንዲቆጥርልኝ ጠየቅሁት። «አራት... አምስት፣ ውጪ» ማለት ሲጀምር እግሩ ተዝናና። የምንቆምበትን መምረጥም የእርሱ ሆነ። በካርታዬ ላይ ያልነበረ፣ ስም እንኳ የሌለው ጥግ ላይ አስቁሞኝ ማዕበል ድንጋይ ሲመታ አርባ ደቂቃ ተመለከትን። ለዚህ የሚሆን ባዶ ሰዓት ከሌላችሁ ዕቅዳችሁ ገና ነው።

ከታወቁት ቦታዎች ቢክስቢ ድልድይ 80 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን፣ መንገዱ እስከ መጨረሻው የተከፈተው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1937 ነው። አባቴ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሲሚንቶውን በምን መኪና አመጡት?» እያለ ረጅም ጊዜ አሰበ። እዚያ ማቆሚያው ጠባብ ነው፤ ሰው ይበዛበታል፤ በማለዳ ድረሱ፤ ወላጃችሁንም መንገድ አታሻግሩ። ማክዌይ ፏፏቴ 24 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ አሸዋው ይወርዳል። በእግር ከመሄዳችሁ በፊት እናንተ ቀድማችሁ መንገዱን እዩት፤ ደረጃና ቁልቁለት ለጉልበት ምን እንደሚሆን ፎቶግራፍ አይናገርም።

ለመጨረሻው ሰዓት ፒየድራስ ብላንካስን አስቀሩ፤ ሳን ሲሚዮን ከመድረሳችሁ በፊት ነው። የባሕር ዝሆን የሚባሉት ግዙፍ እንስሳት ዓመቱን ሙሉ አሸዋው ላይ ተኝተው ይታያሉ። መመልከቻው ከመኪና ማቆሚያው ጎን ስለሆነ ብዙ መራመድ የለም። በኦክቶበር ያገኘናቸው ወጣቶቹን ነው፤ ትልልቆቹ ወንዶች በክረምታቸው መግቢያ ይመጣሉ። አባቴ አጥሩን ተደግፎ አንዱ በሌላው ላይ አሸዋ ሲበትን እየተመለከተ፣ ፀሐይዋ ባሕሩን እስክትነካ ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ጃኬት ያዙ፤ በዚያ ሰዓት ነፋሱ ይበርዳል። ወደ ሆቴሉ የሚቀረው መንገድ አጭር ነውና አታጣድፏቸው።