ልጅዎ ለምርምር ደም ከመስጠቱ በፊት ስምምነቱን እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል

ለጤና ጥናት ናሙና የሚሰበስቡ ባለሙያዎች ወደ ቤትዎ ወይም ወደ ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲመጡ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ከእርስዎ ፈቃድ፣ ከልጅዎ ደግሞ ስምምነት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ስለሆነ፣ በሕግ ፊት የሚጸናው የወላጅ ወይም የአሳዳሪ ፊርማ ነው። ሆኖም በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ልጁ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ከሆነ ከወላጁ ፈቃድ በተጨማሪ የራሱ ስምምነት እንዲጠየቅ፣ አልፈልግም ካለም እንዲከበርለት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል።

በመጀመሪያ የቀረበልዎት ነገር ሕክምና ይሁን ምርምር ይለዩ። ለዚህ የሚበቃው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጄ በጥናቱ ባይሳተፍ ከሕክምናው የሚቀርበት ነገር አለ?» ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሳይጠየቅ ሲታለፍ የሚያስከትለው መዘዝ ከባድ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ ካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ በተነሣበት ወቅት፣ ፋይዘር የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ 200 ያህል ሕፃናትን ባሳተፈ ጥናት ትሮቫን የተባለ መድኃኒቱን ሞክሮ ነበር። ቤተሰቦች በኋላ ክስ ሲመሠርቱ ልጆቻችን የሙከራ መድኃኒት እየተሰጣቸው መሆኑ አልተነገረንም አሉ፤ ኩባንያው ደግሞ በቃል ተነግሯቸው ተስማምተዋል ሲል ተከራከረ። ጉዳዩ ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት የተቋጨው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ በትኩሳት እየነደደ ሆስፒታል የደረሰ ወላጅ የሚሰጠውን ሁሉ ሕክምና ነው ብሎ እንደሚቀበል ግልጽ ነውና፣ ልዩነቱን የማስረዳት ኃላፊነት በጠያቂው ላይ ነው።

ቀጥሎ የመረጃ ቅጹን ራስዎ ያንብቡ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ በሚረዱት ቋንቋ እንዲነበብልዎ ይጠይቁ። ስንት ጊዜና ምን ያህል ደም እንደሚወሰድ፣ ናሙናው ተቀምጦ ለሌላ ጥናት ይውል እንደሆነ፣ ውጤቱስ ለማን እንደሚነገር ሳያውቁ ለልጅዎ ማስረዳት አይችሉም።

ከዚያ በኋላ ለልጁ ይንገሩት፤ ቢቻል ባለሙያው በሌለበት፣ በቤታችሁ አነጋገር። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ራሳችን የፈጠርነው ችግር ይገጥመናል። «ዝም በል፣ አለዚያ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ መርፌን የሚያውቀው በቅጣትነቱ ነው። ይህን ለማካካስ «ምንም አያምም» ማለት ደግሞ ውሸት ነው፤ መርፌው በገባ ቅጽበት ልጁ ይደርስበታል፣ ለሚቀጥለውም አያምንዎትም። «እሾህ ሲወጋህ እንደሚሰማህ ትንሽ ያምማል፤ ደሙ ለአንተ ሕመም አይደለም፣ ሐኪሞች ስለ በሽታው እንዲማሩበት ነው» ይበሉት። ከዚያም የገባውን መልሶ እንዲነግርዎ ያድርጉ። «ደሜን ወስደው ያድኑኛል» ካለ ገና አልገባውም።

አሁን ይጠይቁት፤ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። በእኛ አገር ልጅ ለታላቁ «እሺ» ማለትን የሚማረው ከፊደል በፊት ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ እንግዳ ባለበት አባቱ «ትሰጣለህ አይደል?» ቢለው የሚመልሰው እሺታ የጨዋነት እንጂ የስምምነት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው «እምቢ ብትል ማንም አይቆጣህም» ይበሉት፤ ደብተርም ሆነ ብስኩት ከተዘጋጀ ከመልሱ በፊት አያሳዩት። በአፉ እሺ እያለ ክንዱን ነጠላዎ ውስጥ የሚደብቅ ልጅ መልሱን በክንዱ ሰጥቷል። አንድ ሌሊት እንዲያስብበት ቢጠይቁ ቅር የሚለው አጥኚ ካለ፣ እኔ በበኩሌ ልጄን አልሰጠውም።

ትርፍ አንጀቱ ታውኮ ቀዶ ሕክምና የግድ ለሆነበት ልጅ ግን «ይደረግልህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ እምቢታው የማይከበር ከሆነ ጥያቄው ማታለያ ይሆናል። ይልቁንም መደረጉ እንደማይቀር ይንገሩትና በእርሱ እጅ ያለውን ይተዉለት፦ መርፌው በየትኛው ክንድ ይሁን፣ እጁን ማን ይያዝለት፣ ሲወጋ ይይ ወይስ ፊቱን ያዙር።

ስምምነት አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ አይደለም። ልጁ በሦስተኛው ዙር አልሄድም ቢል ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል፤ ጥናቱ ዓመታት ከፈጀና 18 ዓመት ከሞላው ደግሞ ፈቃዱ ከራሱ እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። ቅጂ ሳይቀበሉ አይፈርሙ፤ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው ስልክ በቅጹ ላይ መኖሩን አይተው ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር ያስቀምጡት።