ደሴ የለቀቀችው ጎርፍ ኮምቦልቻ ነው የሚያድረው፣ ፕላኑንም አብረን እንስራው

ደሴና ኮምቦልቻ በወረቀት ሁለት ከተማ ናቸው፣ በውሃ ግን አንድ ናቸው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ስር ተቀምጣለች፣ የቦርከና ወንዝ በመሀሏ አልፎ 1,850 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ስለዚህ እዚህ ዲች በቆሻሻ ሲደፈን፣ እላይ ደን ሲመነጠር፣ ዋጋውን እታች ያለው ሰው ነው የሚከፍለው። እና የአደጋ ፕላን እናውጣ ካላችሁ ከቀበሌ ድንበር ሳይሆን ከተፋሰሱ ጀምሩ።

መጀመሪያ እግራችሁን አንሱ። ዝናብ ጋብ እንዳለ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ውረዱና ውሃው በየት እንደሄደ አይታችሁ በስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ የሰፈሩን አዛውንቶች ጠይቁ፣ እነሱ ቦዩ ድሮ በየት ይሄድ እንደነበር፣ የማን ቤት ላዩ ላይ እንደተሰራ ያውቃሉ (ይሄንን ማዘጋጃ ቤት የተቀመጠ ፋይል ላይ አታገኙትም)።

ዋናው ጣጣ የመሬት መንሸራተት ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዳገቱ ላይ አግድም የተሰነጠቀ መሬት ካለ፣ ዛፍና የመብራት ፖል ካዘመመ፣ በር አልዘጋ ካለ፣ ውሃ ያልነበረበት ቦታ ምንጭ ከፈለቀ መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ሊሆን ይችላልና ለቀበሌ ቶሎ አሳውቁ፣ ስንጥቁን በጭቃ ጠቅጥቃችሁ ድፈኑትና ከላይ የሚመጣውን ውሃ አስቀይሱት፣ ምክንያቱም መሬቱን የሚያከብደውም የሚያላላውም ውስጡ የገባው ውሃ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ስርገትና የሚያፈስ የቧንቧ መስመርም ያው ነው። ቤት ለማስፋት ብሎ የዳገቱን ግርጌ መቆፈር ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው፣ ጎረቤት ሲቆፍር ዝም አትበሉ። ድጋፍ ግንብ ከሰራችሁ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለበለዚያ ውሃው ከኋላው ተጠራቅሞ ግንቡን ራሱን ይገፋዋል፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ ውስጥ የተደረደረ ድንጋይ) የሚመረጠውም ለዚህ ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ የሆነውን አስቡት፣ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሄዱት ሰዎች ናቸው በሁለተኛው የተቀበሩት። ስለዚህ ናዳ ሲወርድ ማን ከላይ ሆኖ ዳገቱን እንደሚጠብቅ፣ ማን እንደሚቆፍር ከእድራችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መንቀጥቀጡንም አትርሱት፣ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 የካራቆሬው (የወሎና የሸዋ መሀሉ እንጂ የአዲስ አበባው ሰፈር አይደለም) መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ ቦታው ከኮምቦልቻ ብዙም አይርቅም። በግምት ፎቅ አትጨምሩ፣ ኮለኑንና ብረቱን ኢንጂነር ይይላችሁ።

የሰበሰባችሁትን ካርታ ይዛችሁ ወደ ከተማው ፕላን ክፍል ሂዱ፣ በአዋጅ 574/2000 መሰረት ፕላን ሲወጣ ህዝብ መወያየት አለበት፣ ግን ሰው የሚሄደው ብዙ ጊዜ ቤቱ ላይ ቀይ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ረቂቁ ላይ ሶስት ነገር ፈልጉ፦ የወንዝ ዳር ክፍት ቦታ ተከብሯል ወይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ለቤት የተሸነሸነ መሬት አለ ወይ፣ የደሴ ጎርፍ መውረጃ የሚያበቃው የት ነው። ሶስተኛውን ስትጠይቁ ከኮምቦልቻም ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ለነሱ የሚመለሰው መልስ ለእናንተ ከሚመለሰው ይለያል ወይ የሚለውን እዛው ትሰማላችሁ።