ግድብ ላይ ዓሳ እየሞተ ላስቸገራችሁ (ችግርና መፍትሄ)

ምልክት፦ ጎህ ሲቀድ ቀረሶው (ቲላፒያ) ውሃው ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ረፋድ ላይ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል

ትንንሽ የመስኖ ግድቦች ላይ በብዛት የማየው ይሄንን ነው፣ ሰዉም ሁሌ የሚለው አንድ ነው፣ «ብርብራ (ዓሳ የሚመርዝ የዛፍ ፍሬ) ጨምረውበት ነው»። አንድ ቦታ የዓሳ ማህበሩ ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ዱላ ሊማዘዝ ምንም አልቀረውም ነበር። እስኪ መጀመሪያ የሞተውን እንየው ብለን ስናይ ትልልቁ ቀረሶ አልቋል፣ ጣት የሚያክለው ግን ዳር ዳሩን ይዋኛል፣ አምባዛው ጭራሽ ምንም አልነካውም። አምባዛ ከላይ አየር ስቦ መኖር ይችላል፣ ስለዚህ እሱና ትንንሹ ተርፈው ትልልቁ ቀረሶ ከሞተ ያለቀው ኦክስጅን ነው፣ መርዝ ቢሆን ትንንሹንም አይምረውም ነበር።

ምክንያቱ አልጌ ነው፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር። ፍግና ማዳበሪያ ሲበዛ ውሃው ድፍን አረንጓዴ ይሆናል፣ አልጌው ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፣ ማታ ግን እሱም ይተነፍሳል፣ ሁለት ሶስት ቀን ደመና ከዋለማ የተመረተው ሌሊቱን አያሻግርም። ስለዚህ እባካችሁ ኦክስጅኑን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ለክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ!! የሚለካው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፣ ያውም ላይ ላዩን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እያወረዳችሁ። በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ጥሩ፣ 3 ከገባ በዛው ቀን ስራ መጀመር አለበት።

የኦክስጅን መለኪያ ሜትሩንም ዝም ብላችሁ አትመኑት። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ 20 ዲግሪ ውሃ ሞልቶ የሚይዘው 7 ሚሊግራም ገደማ ነው፣ ባህር ጠለል ላይ ግን 9። የቦታው ከፍታ ሳይሞላለት ካሊብሬት የተደረገ (የተስተካከለ) መለኪያ ጨምሮ ያነባል፣ ጫፉ ላይ ያለችው ስስ ላስቲክ ከተሸበሸበች ወይ አረፋ ከያዘች ደግሞ ቁጥሩ ምንም አይረባም፣ ቀይሯት። ርካሽ መለኪያ መለዋወጫ ከሌለው ባትገዙት ይሻላል።

መፍትሄ፦ ፍግም መኖም ዛሬውኑ አቁሙ። ንጹህ ውሃ የሚገባበት ቦይ ካለ ክፈቱ፣ ከሌለ የመስኖ ፓምፑን ሌሊት አስነስታችሁ የላዩን ውሃ ሽቅብ እየረጨ መልሶ እንዲጥለው አድርጉ። ለገበያ የደረሰውን ዓሳ ቶሎ አውጡና የዓሳውን ብዛት አሳንሱ። የሞተውን ልቀሙና ቅበሩ፣ አትብሉት። አልጌውን በመድኃኒት ልግደል የሚል ሰው አታስጠጉ፣ አንዴ ከሞተ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅንም ይጨርሳታል። ዳር ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ቅባት ከተጠራቀመ ከብት እዛ ጋ አታጠጡ፣ ከብት የሚገድል ዓይነት አለ።

ምልክት፦ የዓሳ ጫጩቱ ግድቡ ውስጥ በተለቀቀ በሰዓታት ውስጥ አለቀ

ብዙ ጊዜ የሙቀት ልዩነት ነው። ያመጣው መኪና ሊመለስ ቸኩሏል ተብሎ ጫጩቱ የመጣበትን ፌስታል ቀዶ መድፋት ይቅር! ሳትፈቱት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውሃው ላይ አንሳፍፉት፣ ከዛ የግድቡን ውሃ በጣሳ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት፣ ራሱ ዋኝቶ ይውጣ።

ምልክት፦ ጫጩቱ ሲለቀቅ ደህና ነበር፣ ከወራት በኋላ መረብ ውስጥ አይገባም

የመረቡ ዓይን ሰፊ ካልሆነ አምባዛና ወፍ በልቶት ይሆናል። ትንሽ አሳድጋችሁ ልቀቁት።

ምልክት፦ ከኃይለኛ ነፋስ በኋላ ውሃው የገማ እንቁላል ሸተተ

የታችኛው ኦክስጅን አልባ ውሃ ወደ ላይ ወጥቷል፣ ፓምፑን አስነሱ።