የውሃ ፓምፕ ተቀይሮም ፍሳሹ አልቆም ሲል

አዲስ የውሃ ፓምፕ የተገጠመለት የጭነት መኪና ብዙም ሳይቆይ እንደገና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማንጠባጠብ ከጀመረ፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዕቃው ነው። «የማይረባ ፓምፕ ነው» ተብሎ ይፈታል፤ ሌላ ይገጠማል፤ እሱም ያፈሳል። ከፋብሪካ ችግር ይዞ የሚወጣ ፓምፕ መኖሩ አይካድም። ሁለተኛውም ሲያፈስ ግን ጥፋቱን በፓምፑ ዙሪያ መፈለግ ይሻላል፤ በተገጠመበት ገጽ፣ በሚያሽከረክረው ቺንጋ፣ በውስጡ በሚያልፈው ፈሳሽ ወይም ከሌላ ቦታ በሚመጣ ግፊት። ሦስተኛ ፓምፕ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ሥራ ጠብታው ከየት እንደሚነሳ በዓይን አይቶ ማረጋገጥ ነው።

ፍሳሹ የሚነሳበትን ቦታ ማግኘት

ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ፍሳሹ የሚነሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከቴርሞስታት ቤት ወይም ከላይኛው የጎማ ቱቦ የሾለከ ኩላንት በፓምፑ ገላ ላይ ተንሸራቶ ከታችኛው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ ከመኪናው ሥር ተኝቶ የሚያይ ሰው ፓምፑን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የማራገቢያው ነፋስም ፈሳሹን ወደ ኋላ እየበተነ ሞተሩን በሙሉ ያረጥበዋል። ስለዚህ አካባቢውን አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ በራዲያተሩ ወይም በኩላንት ታንኩ አፍ ላይ የግፊት መሞከሪያ የእጅ ፓምፕ ይገጠማል። ግፊቱ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ማለፍ የለበትም። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅና በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት ከላይ ወደ ታች እየተከተሉ ማየት ነው። በመስታወት መፈለግ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በእጅ የማይደረስበትን የፓምፑን ጀርባ የሚያሳይ ሌላ ቀላል ዘዴ የለም። የግፊት መሞከሪያው መርፌ ሳይወርድ ቆይቶ መኪናው ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ፣ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ኩላንቱ ውስጥ ጨምሮ ጥቂት ነድቶ መመርመር ይረዳል።

ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን አይከፈትም። በግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ፈሳሽ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ወዲያውኑ ይፈላል፤ ፊትና እጅም ያቃጥላል።

ምልክት፦ በፓምፑ ሆድ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል

ይህች ቀዳዳ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በውሃው ሲል (ፈሳሹ በዘንጉ በኩል እንዳይወጣ በሚያግደው ማሸጊያ) እና ዘንጉን በሚሸከመው ኩሽኔታ መካከል ትገኛለች፤ ሲሉ ሲያልቅ ፈሳሹ ወደ ኩሽኔታው ከመግባት ይልቅ ወደ ውጭ እንዲወጣ ታደርጋለች። አዲስ ፓምፕ በመጀመሪያዎቹ የሥራ ሰዓታት ሲሉ ገጽ ለገጽ እስኪላመድ ድረስ ትንሽ እርጥበት ሊያሳይ ይችላል፤ ለዚህ ብሎ መፍታት አያስፈልግም። ጠብታው ከቀጠለ ወይም ወደ መስመር ከተለወጠ ግን ሲሉ አልቋል። ቀዳዳዋን በማጣበቂያ መድፈን ኩሽኔታውን መግደል ነው። ፓምፑ በጥርስ የሚዞር ከሆነ ከቀዳዳዋ የሚወጣውን በጣት ነክቶ ማየት ብዙ ይናገራል፤ ኩላንት ከሆነ የውሃው ሲል፣ ዘይት ከሆነ በሞተሩ በኩል ያለው የዘይት ሲል ነው የለቀቀው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ አዲስ ሲል ለምን ቶሎ አለቀ የሚለው ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ የተፈታው ፓምፕ ላይ ስለሚገኝ፣ ወደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት ይመርመር።

የሲሉ ሁለት ገጾች እርስ በእርስ እየተፋተጉ የሚዞሩት በመካከላቸው ባለው ስስ የኩላንት ሽፋን ነው። ሞተሩ ኩላንት ሳይሞላ ወይም አየር ታፍኖበት ከተነሳ ያ ሽፋን አይኖርም፤ ገጾቹ በሙቀት ይሰነጠቃሉ። በተፈታው ሲል ላይ ስንጥቅ ወይም የተቃጠለ መልክ ከታየ ምክንያቱ ደረቅ መዞር ነው። መፍትሄው የአየር ማስወጫ ብሎኖችን ከፍቶ፣ የማሞቂያውን መስመር ክፍት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ መሙላት ነው።

ገጾቹ ላይ ክብ ጭረቶች ካሉ ደግሞ ቆሻሻው ከሞተሩ ውስጥ መጥቷል፦ ዝገት፣ የጠንካራ ውሃ ቅርፊት፣ ወይም ቀደም ሲል ለፍሳሽ ማስቆሚያ የተጨመረ ዱቄት። ይህን ሁሉ ትቶ አዲስ ፓምፕ መግጠም በጭቃ ውኃ አዲስ ልብስ እንደ ማጠብ ነው። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩም ራዲያተሩም ይታጠቡ፤ ከዚያ በመመሪያው የተጠቀሰው ዓይነት ኩላንት በተጣራ ውሃ ተቀላቅሎ ይሞላ። በቀለም ብቻ ተመሳስሎ የተለያየ ዓይነት ኩላንት መቀላቀል ዝቃጭና ጄል ሊፈጥር ይችላል። ለከባድ ናፍጣ ሞተር የሚጨመረው መከላከያ ኬሚካልም ከልክ ሲያልፍ ሲሉ ላይ ይጋገራል፤ በመፈተሻ ወረቀት ለክቶ መጨመር ይገባል።

ሲሉ ደህና መስሎ ዘንጉ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፋቱ የጎን ጫና ነው። ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ፑሌጃዎቹ በአንድ መስመር ላይ አይደሉም፣ ወይም ማራገቢያው ከነክላቹ ሚዛኑን ስቷል። ሞተሩ ጠፍቶ ማራገቢያውን ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መነቅነቅ፣ በፑሌጃዎቹ ገጽ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ክፍተት ማየት፤ ሁለቱም ጥቂት ደቂቃ የሚወስዱ ሥራዎች ናቸው። አሮጌውን የቺንጋ መወጠሪያ ሳይመረምሩ አዲስ ፓምፕ መግጠም ቁጠባ አይደለም።

ምልክት፦ ከፓምፑና ከሞተሩ መጋጠሚያ ይወጣል

እዚህ ላይ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ሥራው ነው የተበላሸው። የአሮጌ ጋስኬት (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቅሪት በስለት ሲፋቅ አሉሚኒየሙን ይጭራል፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ አንድ ጭረት ለፈሳሽ በቂ መንገድ ነው። ገጹን በፕላስቲክ መፋቂያ ማጽዳት፣ ቀጥ ያለ ብረት አስደግፎ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ማየት፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ ካለ መጠገን ወይም ሽፋኑን መቀየር ነው።

ብዙዎች ለማሸጊያ የሚቀባው ሲሊኮን ሲበዛ ጥሩ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይቆረጥና በራዲያተሩ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ይሰካል። የወረቀት ጋስኬት አምራቹ ካላዘዘ ሲሊኮን አይፈልግም። ሲሊኮን የታዘዘ እንደሆነም ስስ መስመር ይበቃል፤ ኩላንት ከመሞላቱ በፊት በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት፣ ይጠበቅ። ኦ-ሪንግ (የቀለበት ቅርጽ ያለው የጎማ ማሸጊያ) ያለው ፓምፕ ከሆነ ጎማውን በኩላንት ማራስ እንጂ በሞተር ዘይት ወይም በግራሶ መቀባት አይገባም፤ ለኩላንት የሚሠራው ኢፒዲኤም የተባለው ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል።

ብሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ ይጠብቁ። ጠብታው ከብሎኑ ራስ ሥር ከሆነ ያ ብሎን እስከ ውሃው መስመር ይደርሳል ማለት ነው፤ ጥርሱ ላይ ማሸጊያ ይቀባ። ርዝመታቸው የተለያየ ብሎኖች ቦታ ሲለዋወጡም ረጅሙ ጉድጓዱ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ እጅ የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ ፓምፑ አልተያዘም።

ምልክት፦ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ያፈሳል፣ ሲሞቅ ይደርቃል

ፓምፑን መንካት አያስፈልግም። የደረቀ የጎማ ቱቦ በብርድ ሲኮማተር ማሰሪያው ይላላል። ቱቦውን አውጥቶ የሚገጠምበትን አፍ ዝገት ማጽዳት፣ ቱቦውን መቀየር፣ ከሙቀት ጋር ራሱን የሚያስተካክል የስፕሪንግ ማሰሪያ መግጠም ይበቃል።

ምልክት፦ አንዱ ሲደፈን ሌላው ያፈሳል፣ ታንኩም ይተፋል

ዛሬ ፓምፑ፣ ነገ ቱቦው፣ ቀጥሎ ራዲያተሩ ካፈሰሰ አንድ ነገር ከልክ ያለፈ ግፊት እየፈጠረ ነው። ርካሹን አስቀድሞ ክዳኑን መፈተሽ ይገባል፤ በተጻፈበት ግፊት ካልከፈተ ይቀየር። ክዳኑ ደህና ከሆነ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ይጠረጠራል። የጭስ ጋዝ ወደ ኩላንቱ መግባቱን ቀለሙን በሚለውጥ የመፈተሻ ፈሳሽ ማረጋገጥ ይቻላል።

የአየር ፍሬን ባለው መኪና ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ የአየር ኮምፕሬሰሩ። እሱም በሞተሩ ኩላንት ይቀዘቅዛል። የራሱ የቴስታታ ጋስኬት ሲለቅ የታመቀ አየር በቀጥታ ወደ ኩላንቱ ይገፋል። መለያው ቀላል ነው፦ ኮምፕሬሰሩ አየር በሚሞላበት ጊዜ ታንኩ ውስጥ አረፋ ይታያል፤ የአየር ታንኮቹ ሞልተው ኮምፕሬሰሩ አየር መጭመቅ ሲያቆም አረፋው ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። አረፋው ሳይለወጥ ከቀጠለ ወደ ሞተሩ ቴስታታ መመለስ ነው። ይህን ሳይለዩ ቴስታታ ማውረድ ብዙ ሥራና ገንዘብ ያባክናል።

ምልክት፦ ጠብታ የለም፣ ደረጃው ግን ይቀንሳል

ፓምፑ በተቀየረ በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ታፍኖ የነበረ አየር ሲወጣ ደረጃው ትንሽ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ሞልቶ መከታተል ይበቃል። መውረዱ ካልቆመ ፈሳሹ ወደ ውስጥ እየሄደ ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከወጣ የቴስታታ ጋስኬት ወይም፣ ካለው፣ የኢጂአር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ሥርዓት) ማቀዝቀዣው ይፈተሽ። የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ወይም የዘይቱ ደረጃ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ሞተሩ መነሳት የለበትም፤ ኩላንት የገባበት ዘይት የክራንክ ዘንጉን ኩሽኔታዎች በአጭር ጊዜ ይበላል፤ መኪናው ተጎትቶ ይወሰድ።